ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን አይጠብቅም

በድሪልና በማራዘሚያ ገመድ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አደጋ ቢመጣ ብሬከሩ ቆርጦ እንደሚያድናቸው ያምናሉ። የብሬከር ተግባር ግን ሽቦ ከልክ በላይ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ መከላከል ነው። በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው ብሬከር 15 ወይም 20 አምፔር ይሸከማል፤ በደረት በኩል የሚያልፍ 100 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአምፔር አንድ አሥረኛ፣ ግን የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ልባሱ የተላጠ ገመድ እርጥብ መሬት ላይ የቆመን ሰው ቢነካ፣ ብሬከሩ ላይቆርጥ ይችላል።

ይህን ክፍተት የሚደፍን መሣሪያ አለ፤ የአሜሪካውን ዓይነት በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል እ.ኤ.አ. በ1961 ፈለሰፉት። በአሜሪካ ጂኤፍሲአይ፣ በአውሮፓ አርሲዲ ይባላል። መሣሪያው ወደ ድሪሉ የሚሄደውንና ከድሪሉ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል፤ የተመለሰው ከሄደው ካነሰ፣ ቀሪው በሰው አካል በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ይቆርጣል። ለዚህም በአሜሪካ 5፣ በአውሮፓ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ልዩነት ይበቃዋል።

ሥራ ከመጀመር በፊት «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ይገባል፤ ካልቆረጠ መሣሪያው አይታመንም። አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ቢይዝ ግን ይህም መሣሪያ ልዩነቱን ላያይ ይችላል። ስለዚህ የተላጠ ገመድ በናስትሮ አይጠገንም፤ በአዲስ ይተካል።