በኪሎ የማይመዘን እርሳስ

የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚከመርበት ቆሼ ላይ ዕቃ የሚለቅም ሰው ብረትን በዓይኑ ብቻ አይለይም። አንስቶ በመዳፉ ይመዝናል፣ በጥፍሩ ይጭራል። ከመጠኑ በላይ ከከበደና በጥፍር ከተጫረ እርሳስ ነው። ከባትሪ የወጣውም፣ ከአሮጌ ቧንቧ የተቆረጠውም አንድ ጆንያ ይገባና በኪሎ ይሸጣል፤ ከዚያ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። በዚያ ጆንያ ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ጋሻና ጎራዴ የያዘ የእርሳስ አፅም ቢገኝ ሚዛኑ ላይ ጥቂት ግራም ነው። ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን አፅም ፍለጋ በየአገሩ የሰው ጓዳ የሚያስፈትሹ፣ አንድ በአንድ ሰብስበው ቀለም እየቀቡ ሙሉ የሙታን ሠራዊት የሚያሰልፉ ሰዎች አሉ።

መነሻው ጨዋታ ነው። (ዘመኑ ሁሉ፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1975 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ጌምስ ዎርክሾፕ ከብራያን አንሴል ጋር ሆኖ በ1979 ኒውአርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሲታደል ሚኒየቸርስ የተባለ ማምረቻ ከፈተ። በ1983 አንሴል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ ዋርሃመር የተባለውን የጦርነት ጨዋታ አወጡ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ሠራዊት አሰልፈው፣ ርቀቱን በኢንች እየለኩ፣ ዳይስ እየወረወሩ ይዋጋሉ። አንዱ የሰው ጦር ይመርጣል፣ ሌላው የድንክዬዎች፤ ሌላ ተጫዋች ደግሞ ሙታንን ያዘምታል።

የሙታን ሠራዊት ከሌሎቹ የሚለየው በሕጉ ነው። አፅም ፍርሃት አያውቅምና አይሸሽም፤ ተቃራኒው ግን ገና ሲያየው ይሸበራል። ሆኖም ከመቃብር የቀሰቀሰው ጠንቋይ ከወደቀ ያ ሁሉ ሰልፍ በየቦታው መፈራረስ ይጀምራል። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 37ን እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ደረቅ አጥንቶች እየተንኳኩ ይገጣጠማሉ፣ ጅማትና ሥጋ ይለብሳሉ፣ እስትንፋስ ገብቶባቸው ታላቅ ሠራዊት ሆነው ይቆማሉ። የጨዋታው ጠንቋይ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ አጥንቱን አቁሞ እስትንፋሱን መስጠት አልቻለም። የዚህ ሠራዊት ኀዘን ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥሩ ቀራፂም ያሳየዋል፤ አገጩ ወለል ያለው፣ ራሱን ወደ ጎን ያዘነበለው አፅም ለምን እንደተቀሰቀሰ የሚጠይቅ ይመስላል። በፊልም በኩል ደግሞ አሻንጉሊት አንቀሳቃሹ ሬይ ሃሪሃውዘን በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናትስ» ላይ ሰባት አፅሞችን ጎራዴ አስይዞ ከሰው ጋር አዋግቷል። ለጥቂት ደቂቃ ትዕይንት አሻንጉሊቶቹን በእጁ ቅንጣት በቅንጣት እያንቀሳቀሰ ከአራት ወር በላይ ፈጅቶበታል።

አንዱ አፅም የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀራፂው ቀጭን ሽቦ አጣምሞ አቋሙን ያወጣል። ከዚያ ሰማያዊና ቢጫ የሆነውን ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ አሽቶ፣ አረንጓዴ ሲሆንለት፣ ሳይደርቅ በመርፌና በቢላ ጫፍ ጎድን በጎድን ይቀርፃል። ያለቀው ቅርፅ በሁለት ክብ የጎማ ንጣፎች መሐል ተጨፍልቆ በሙቀት ይበስላል፤ ሻጋታው ይህ ነው። ሻጋታው እየተሽከረከረ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ በመሐሉ ሲፈስበት፣ ሽክርክሪቱ ብረቱን እስከ ጎራዴው ጫፍ ይገፋዋል። ጎማው ግን በተደጋጋሚ ሙቀት ያረጃል። መጀመሪያ የወጡት ቅጂዎች ጥርሳቸው ሳይቀር ይቆጠራል፤ የመጨረሻዎቹ ፊታቸው የደበዘዘ ነው። ሰብሳቢ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ እይታ ይለያቸዋል።

የድሮዎቹ የሚፈለጉበት ሌላም ምክንያት አለ። እንደ መንትዮቹ ማይክልና አለን ፔሪ ያሉ ቀራፂዎች በዚያ መጠን በእጃቸው ቀርፀዋቸዋል፤ ዛሬ ብዙው በኮምፒውተር ተቀርፆ በፕላስቲክ ይወጣል። የአዲሶቹ ጥራት አያጠያይቅም፤ የሰው ጣት ያረፈበት መዛነፍ ግን የለባቸውም። ሠራዊቱ ራሱም ብዙ ተቀያይሯል። በ1994 የራሱ መጽሐፍ ወጣለት፤ በ1999 የቫምፓየሮቹ ጦር ለብቻው ተለየ፣ እንደ ግብፅ ነገሥታት የተገነዙት ሙታንም ቆይተው የራሳቸውን ጦር አቆሙ። የቀድሞው ጨዋታ በ2015 ቆመ፤ በ2024 ግን «ዘ ኦልድ ወርልድ» በሚል ስም ሲመለስ ከመጀመሪያዎቹ ሠራዊቶች አንዱ እነዚያው የተገነዙት ነገሥታት ነበሩ።

አሮጌ አፅም ሰብሳቢው እጅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን አይመጣም። አንድ ልጅ ከሠላሳና አርባ ዓመት በፊት በወፍራሙ የቀባው ቀለም ጎድኖቹን ደፍኗቸዋል። እንግሊዞቹ ይህን የሚያነሱት እኛም ቤት በማይጠፋው ዴቶል ነው። ብረቱ ያልተበረዘ ዴቶል ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ ቀለሙ ተልጦ ይነሳል፣ የቀረው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፋቃል። ቶሎ ውኃ ማስነካት ግን አይገባም፤ ዴቶሉና ቀለሙ ከውኃ ጋር ሲገናኙ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሆናሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ በራሱ በዴቶል ይታጠባል። እርሳሱ ግራጫ ሆኖ ብቅ ሲል የቀራፂው ሥራ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይታያል። ከዚህ ሙያ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው።

አጥንት ነጭ አይደለም። ነጭ የቀባ ሰው የኖራ ምስል ነው የሚያገኘው። ሥራው ከጥቁር ቡኒ ይጀምራል፤ በላዩ የቆየ የብራና ቀለም ይሄዳል፤ ከዚያ በውኃ የቀጠነ ቡኒ ፈስሶ የጎድኑን ክፍተትና የዓይኑን ጉድጓድ ይሞላል። ሲደርቅ ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም ወረቀት ላይ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል ጎድኖቹ ጫፍ ላይ ብቻ ይታሻል። ለዛገ ጎራዴ ደግሞ አርአያው ቆሼ ዙሪያ ባሉ ጣሪያዎች ላይ አለ። ቆርቆሮ መዛግ የሚጀምረው ምስማር ከገባበት ቀዳዳና ከተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ መሐሉ የቡና ቀለም፣ ዳሩ ብርቱካናማ ሆኖ ዝናብ በወረደበት መስመር ይወርዳል። ይህን ተከትሎ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ ያደረገ ቀቢ ጎራዴውን በእውነት ያስረጀዋል።

እርሳሱ ግን መርዝ ነው፣ ይልቁንም ለልጅ አእምሮ። በ1990ዎቹ አምራቾቹ ወደ እርሳስ አልባ ቅይጥ የዞሩት በዚህ ስጋት ነው። አሮጌዎቹን የሚይዝ ሰው በደረቁ ሞርዶ አቧራውን መተንፈስ የለበትም፤ ሥራው ላይ አይበላም፣ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፣ ከሕፃናት ያርቃቸዋል። በአገራችንም በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስኗል። ሰብሳቢው ተጠንቅቆ የሚነካውን ብረት ቆሼ ላይ በባዶ እጅ የሚጭሩ አሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው በሞተበት ቦታ የሚለቀመው ለእንጀራ ነው፤ ለቀማቸውን ከሰብሳቢ ደስታ ጋር አላመሳስልም። የዓይናቸውን ስልነት ግን አከብራለሁ።

የእርሳስ ሠራዊት እኛንም አልፎ አልሄደም። ጣሊያን በወረረን ሰሞን፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በ1893 ውስጠ ባዶ የእርሳስ ወታደር ማውጣት የጀመረው የለንደኑ ብሪተንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና የኢትዮጵያ ዘማቾችን ሠርቶ በሳጥን ሸጧል። የእንግሊዝ ልጆች አልጋቸው ሥር ያቆዩአቸው እነዚያ ወታደሮች ዛሬ የሰብሳቢ ዕቃ ናቸው። እኔ ደግሞ የዓድዋን ዘማች በእኛ ሰው እጅ ተቀርፆ ማየት እመኛለሁ፤ ጎፈሬውን፣ ጋሻውን፣ በወገቡ የታጠቀውን የጥይት ዝናር በቅርብ የሚያውቅ ሰው የቀረፀውን። ለዚህ እርሳስ ማቅለጥ አያስፈልግም። ኢፖክሲውን በ28 ሚሊ ሜትር ቁመት ለመቅረፅ ሽቦ፣ መርፌና ጥሩ መብራት ካለ ይጀመራል፤ አክሪሊክ ቀለሙም አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል።