ፕሮሰሰሩ ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

ጌሚንግ ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተነሣ ሰው ቀድሞ ዐይኑ የሚያርፈው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ገንዘቡም የሚያልቀው እዚያው ነው። ማዘርቦርዱ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ፣ በተረፈው ብር ነው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ይቀራል። አንዱም ዕቃ አልተበላሸም፤ ሁለቱ አልተግባቡም እንጂ። ለመግባባት በፒን፣ በኃይልና በባዮስ መስማማት አለባቸው።

ከፒኑ እንጀምር። ኢንቴል በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤልጂኤ 1151 የተባለውን ሶኬት አወጣ። ቁጥሩ የሚነግረን በሶኬቱ ላይ ያሉትን ፒኖች ብዛት ነው። 6ኛውና 7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች በዚሁ ሶኬት ሠሩ። በ2017 መጨረሻ 8ኛው ትውልድ ሲመጣ የሶኬቱ ቁጥርም መጠኑም ያው 1151 ነበር። ሆኖም ባለ 100 እና ባለ 200 ቺፕሴት የነበሩት ማዘርቦርዶች አልተፈቀዱለትም፤ አዲስ ባለ 300 ቦርድ መግዛት ግድ ሆነ። ኢንቴል ምክንያቱ ኃይል ነው አለ። አይ7-7700ኬ 4 ኮር ሲኖረው ተተኪው አይ7-8700ኬ 6 ኮር ይዞ መጣ፤ ለኮሮቹ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡት ፒኖችም ከ128 ወደ 146 ከፍ አሉ። ቀድሞ ሥራ ያልተሰጣቸው ፒኖች ሥራ ያዙ ማለት ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ባዮሱን እየቀየሩ አዲሱን ፕሮሰሰር በአሮጌ ቦርድ ላይ ማስነሣት ስለቻሉ፣ የገበያ ስልት ነው የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ተራው ገዢ ግን የሚይዘው ትምህርት አንድ ነው፦ የሶኬት ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ኃይል ነው። ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ 12 ቮልት ይልካል፤ ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ግን ከ1 ቮልት ብዙም የማይበልጥ ነው። ይህን የሚለውጠው በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደረው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 120 ዋት በ1.2 ቮልት ለማድረስ 100 አምፔር ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሽቦና መዳብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ካሬ ጋር ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አይ9-13900ኬ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 253 ዋት ይስባል። ርካሽ ኤች610 ቦርድ ላይ ቢቀመጥ፣ ባዮሱ እስካወቀው ድረስ ይነሣል፤ ሶኬቱ 1700 ነውና። ከባድ ጌም ሲከፈት ግን መቆጣጠሪያው ይግላል፣ ቦርዱም ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩን ፍጥነት ያስቀንሰዋል። ለፕሮሰሰሩ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ እዚያ ላይ ባከነ ማለት ነው።

ሦስተኛው የማይታየው ባዮስ ነው። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚቀመጠው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። የኤኤምዲው ኤኤም4 ሶኬት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች የተቀበለው ይህ ሶኬት በ2020 የወጣውን ራይዘን 5000ም ተቀብሏል። ችግሩ የብዙዎቹ ቦርዶች የባዮስ ቺፕ የምትይዘው 16 ሜጋባይት ብቻ መሆኑ ነበር፤ እያንዳንዱ ትውልድ ደግሞ የራሱን ኮድ ይፈልጋል። ኤኤምዲ በግንቦት 2020 ቢ450ን የመሰሉ ባለ 400 ቦርዶች ራይዘን 5000ን አይቀበሉም አለ፤ ገዢዎች ሲቆጡ ግን በዚያው ወር ውሳኔውን አጠፈ። ስለዚህ ራይዘን 5 5600 በቢ450 ላይ ይሠራል፣ ባዮሱ ከታደሰ። መደርደሪያ ላይ ከ2018 ጀምሮ የከረመ ቦርድ ግን ይህ ፕሮሰሰር መፈጠሩንም አያውቅም። አንዳንድ ቦርዶች በጀርባቸው ልዩ ቁልፍ ስላላቸው፣ ፕሮሰሰር ሳይኖር እንኳ ባዮሱን በፍላሽ ማደስ ይቻላል።

ራምም ይታሰብበት። በ2022 የወጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልዶች ከዲዲአር4ም ከዲዲአር5ም ጋር ይሠራሉ፤ የትኛውን ራም እንደሚወስድ የሚወስነው ግን የተገዛው ማዘርቦርድ ነው፤ አንዱን ራም በሌላው ቀዳዳ መሰካት አይቻልም።

መፍትሔው ነፃ ነው። እያንዳንዱ ማዘርቦርድ አምራች በድረ ገጹ ላይ ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች፣ ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚቀበላቸው ጭምር ዘርዝሮ ያስቀምጣል። በተለይ ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የምታስመጡ፣ አልሠራም ብላችሁ መመለስ ቀላል አይሆንላችሁምና የቦርዱን ሙሉ ስም ይዛችሁ ያንን ዝርዝር ሳታዩ ብር አትላኩ።