ደግ ዓመት ለየትኛው አዝመራ? የፈረንሳይ ጣፋጭ ወይን ጠጅና የደቡብ ወሎ ማር

ገበሬ አንድን ዓመት ደግ ወይም ክፉ ሲለው በአብዛኛው የሚያስበው እህሉን ነው፤ ይሁን እንጂ ገብሱን ያጠገበ ዝናብ ንቡን ሊያስርብ፣ ለቀይ ወይን ጠጅ የተመቸ ወቅትም ጣፋጩን ነጭ ወይን ጠጅ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የዓመት ደግነት የሚለካው ምርቱ ከዓመቱ የሚፈልገው ነገር ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት በየዓመቱ እየመዘገቡ ካቆዩት የዓለም አካባቢዎች አንዱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሶቴርን ወይን አምራች ምድር ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የቅርብ አቻው ማርና ከማር የሚጣለው ጠጅ ሲሆን፣ የጣፋጭነቱ ምንጭ አበባ፣ የአበባውም ምንጭ የዓመቱ ዝናብ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ ስሙ የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ፣ ከአጠገቡ ያለችው ደሴና ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ይህን ለማየት የተመቸ አካባቢ ናቸው።

ሻጋታ የሚያጣፍጠው ወይን

በሶቴርን፣ በባርሳክ፣ በቦም፣ በፋርግና በፕሬኛክ መንደሮች የሚመረተው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ስኳር ተጨምሮበት የጣፈጠ ሳይሆን፣ ፍሬው ገና ግንዱ ላይ ሳለ ውኃው ቀንሶ ስኳሩ የጠነከረ ነው። ይህን የሚሠራው ቦትራይቲስ ሲኔሪያ የተባለ ሻጋታ ሲሆን፣ የበሰለውን ወይን ልጣጭ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳውና በውስጡ ያለው ውኃ እንዲተን መንገድ ይከፍታል። ፍሬው እየተሸበሸበ ሲሄድ ስኳሩና ኮምጣጣነቱ አብረው ይከማቻሉ፤ ማርን የሚያስታውሰው የዚህ ወይን ጠጅ መዓዛም በከፊል ከዚሁ ሻጋታ የሚመጣ ነው። ጭማቂው ሲብላላ እርሾው ስኳሩን ሁሉ ሳይጨርስ ሥራውን ስለሚያቆም ወይም በአምራቹ እንዲያቆም ስለሚደረግ፣ ከአካባቢው እጅግ ዝነኛ በሆነው በሻቶ ዲኬም ወይን ጠጅ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ከ120 እስከ 150 ግራም የሚደርስ ስኳር ይቀራል።

ይኸው ሻጋታ ግን ቀኑ ካልሰመረለት አጥፊ ነው። ዝናብ ከተደጋገመ ሻጋታው ወደ ተራ ብስባሴ ተለውጦ ዘለላውን ያበላሸዋል፤ አየሩ ደረቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሻጋታው ጨርሶ ስለማይነሳ፣ የሚገኘው ወይን ጠጅ ጣፋጭ ቢሆንም መዓዛው ያነሰ ይሆናል። አምራቹ የሚመኘው በመስከረምና በጥቅምት ሌሊቱና ማለዳው ጉም የለበሰበት፣ ከሰዓቱ ግን ፀሐይና ነፋስ ያለበት ተከታታይ ቀን ነው። አካባቢውን ለዚህ ያበቃው ሁለት ወንዞች መገናኘታቸው ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚፈሰው ቀዝቃዛው ሲሮን ሞቅ ካለው ከጋሮን ወንዝ ጋር ሲቀላቀል ጉም ይነሳል፣ ጉሙም እስከ ረፋድ ድረስ በወይን ማሳዎቹ ላይ ይተኛል። ደሴም በጉሟ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን የደሴ ጉም የሚበረታው ከክረምት ዝናብ ጋር ስለሆነ፣ ያረጥባል እንጂ የሶቴርን ጉም እንደሚያደርገው እርጥበትንና ድርቀትን በየቀኑ አያፈራርቅም።

ቀዩን የካሰ ዓመት ጣፋጩን ሲጎዳ

በአንድ አውራጃ ውስጥ አንድ ዓመት ሁለት ተቃራኒ ስም ሊያገኝ እንደሚችል የቦርዶ ታሪክ ደጋግሞ ያሳያል። እ.ኤ.አ. 1982 በቀይ ወይን ጠጅ ዘንድ እንደ ታላቅ ዓመት የሚወደስ ሲሆን፣ በሶቴርን ግን የለቀማው ወቅት ዝናብ የብዙዎችን ድካም ከንቱ አድርጎታል፤ ለጣፋጩ የተሳካው ተከታዩ 1983 ነበር። የ2000ም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል፤ ቀዩ ቀድሞ ስለተለቀመ ስሙ ገኖ ሲቀር፣ እስከ ጥቅምት መጠበቅ የነበረበት ጣፋጩ ዝናቡ ደረሰበት። በተቃራኒው 1967 ለቀዩ መካከለኛ፣ ለሶቴርን ግን ከክፍለ ዘመኑ ምርጦች አንዱ ነው። በ2001 ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ ተመጣጥነው ስለመጡ ዓመቱ እስከ ዛሬ ለሌሎች መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ሞቃታማው 2003 በበኩሉ እጅግ ጣፋጭና ወፍራም፣ ግን ኮምጣጣነቱ ያነሰ ወይን ጠጅ ሰጥቷል። ስለዚህ ጣፋጭነት ብቻውን የዓመትን ጥራት አይመሰክርም፤ ምላስን የሚያድሰው ኮምጣጣነት ከጎኑ ከሌለ ጣፋጩ ወዲያው ይሰለቻል።

ዓመቱ ያቀረበውን የሚለይ ግን የሰው እጅ ነው። ሻጋታው በአንድ ዘለላ ላይ እንኳ እኩል ስለማይዝ፣ ለቃሚዎች በአንዱ ማሳ አምስትና ስድስት ጊዜ እየተመላለሱ የደረሰውን ብቻ ይለቅማሉ፤ በዲኬም የአንድ ሄክታር ምርት በአማካይ 900 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ግንድ አንድ ብርጭቆ ያህል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ምርቱ ከተጠበቀው በታች ሲሆን ቤቱ በስሙ አይሸጥም፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በ1910፣ በ1915፣ በ1930፣ በ1951፣ በ1952፣ በ1964፣ በ1972፣ በ1974 እና በ1992፣ ከዚያም ወዲህ በ2012 ዲኬም የሚል ጠርሙስ አልወጣም። በአንጻሩ በደቡብ ፈረንሳይ እንደ ባንዩልስ ያሉት ጣፋጮች መብላላታቸው የሚቆመው ጠንካራ አልኮል ተጨምሮባቸው በመሆኑና ሻጋታ መጠበቅ ስለማያስፈልጋቸው፣ ከዓመት ዓመት የሚያሳዩት ልዩነት ያነሰ ነው።

የማር ዓመት ከቦሩ ሜዳ እስከ ኮምቦልቻ

የደቡብ ወሎ ደጋ በዓመት ሁለት ዝናብ ያገኛል፤ አንደኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግ፣ ሁለተኛው ክረምት ነው። ንብም ሁለት የአበባ ወቅት አላት። ዋናው ማር የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና መች ሜዳውን ከሸፈኑ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን፣ አነስተኛው ቆረጣ በልጉን ተከትሎ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይደርሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦሩ ሜዳና 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ በቅርብ ርቀት ቢገኙም፣ ብርዱና ዕፅዋቱ ስለሚለያዩ አንዱ ዓመት ለሁለቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። በደጋው ባሕር ዛፍና የሜዳ አበባ፣ ወረድ ሲባል ደግሞ ግራርና ብሳና ለንብ ቀለብ ይሰጣሉ፤ የማሩ ቀለም ከነጣ ቢጫ እስከ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ጣዕሙም ከለስላሳ እስከ መረር ያለ የሚለያየው ንቧ በየወቅቱ ባገኘችው አበባ ነው።

እዚህም ከዝናቡ ብዛት ይልቅ የሚወስነው ቀኑ ነው። ክረምቱ እስከ መስከረም አጋማሽ ቢዘልቅ ዘግይቶ የተዘራ እህል ይጠቀማል፤ አበባው ፈክቶ ሳለ ዝናቡ ካልወጣ ግን ንቧ ከቀፎዋ አትወጣም፣ የአበባውም ወለላ በውኃ ይቀጥናል ወይም ይታጠባል። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ አበባው ቶሎ ይረግፋል፤ በደጋው ውርጭ ከወረደ ደግሞ የቀረውን ያቃጥለዋል። የዓመቱን ዕጣ የሚወስነው ሰማይ ብቻም አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን የመታው ማር በሚቆረጥባቸው በጥቅምትና በኅዳር ወራት ነበር።

በሶቴርን ለቀማ የሚጠይቀውን ትዕግሥት ማርም ይጠይቃል። ንቧ ከአበባ የምታመጣው ወለላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ በክንፏ እያራገበች የውኃውን መጠን ወደ 20 በመቶና ከዚያ በታች ካወረደችው በኋላ የማር እንጀራውን ዓይን በሰም ትከድነዋለች። ሳይከደን የተቆረጠ ማር ቀጭን ከመሆኑም በላይ በዕቃው ውስጥ ራሱ መፍላት ይጀምራል። ባህላዊው ቀፎ በአንድ ሌሊት በጭስ ሲቆረጥ የደረሰውና ያልደረሰው፣ የአደዩና የሌላው አበባ ማር፣ አንዳንዴም እጭና የአበባ ዱቄት ይቀላቀላሉ፤ ተነቃይ ፍሬም ያለው ዘመናዊ ቀፎ ግን የተከደነውን ብቻ መርጦ ለማውጣት ስለሚያስችል፣ የጥራት ልዩነቱ ከዓመቱ ባልተናነሰ ከአቆራረጡም ይመነጫል።

ጠጁ ከዓመቱ የሚወርሰው

ጠጅ ከሶቴርን የሚለየው በአንድ ዋና ነጥብ ነው። በሶቴርን የጣፋጭነቱን መጠን በዋናነት ዓመቱ ሲወስነው፣ በጠጅ ግን የሚወስነው ጣዩ ነው፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ሲበረዝ፣ ጌሾው ሲበዛና ሲያንስ፣ ጋኑም ለብዙ ወይም ለጥቂት ቀን ሲቆይ ጣፋጩ ይጠነክራል ወይም ይለዝባል። በመሆኑም ዓመቱ ለጠጁ የሚያወርሰው በተለይ መዓዛውን፣ ቀለሙንና ከጌሾው በፊት በማሩ ውስጥ የነበረውን ምሬት ነው። በጌሾ ያልተጣለው ብርዝ፣ አልኮል የማይጠጡ ብዙ ሰዎች ባሉበት በወሎ፣ የማሩን ጠባይ ከጠጁ ይልቅ በግልጽ ያሳያል። ማር ሲወደድ ስኳር የሚጨምር ጣይ ጣፋጩን ሊተካ ይችላል፤ የአበባውን መዓዛ ግን ስኳር አይተካውም።

በአገሪቱ የወይን እርሻም የዓመት ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። በኮምቦልቻ ቢራ የሚጠምቀው የቢጂአይ ባለቤት የሆነው የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ወይን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ወይን ጠጆችን ለገበያ አቅርቧል፤ ከነዚህም መካከል መካከለኛ ጣፋጭ የሆኑት አካሺያዎች ይገኛሉ። ከምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ወይን በክረምት ብርድ ስለማይተኛ የለቀማውን ጊዜ በግርዘትና በመስኖ መቃኘት ይቻላል፤ በዚህም የዓመቱ ጉልበት ይቀንሳል። የቦሩ ሜዳ ንብ ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ የላትም፤ በኢትዮጵያ ጣፋጮች መካከል ለዓመቱ ይበልጥ የተጋለጠው ከወይኑ ይልቅ ማሩ ነው።

ከዚህ የሚከተለው፣ ዓመት፣ ቦታና ዋና አበባ ሊጻፍበት የሚገባው የኢትዮጵያ ጣፋጭ ቢኖር ማር መሆኑ ነው። የጥቅምትና የሰኔው፣ የቦሩ ሜዳና የኮምቦልቻው በገበያ ላይ በአንድ በርሜል ሲገለበጡ፣ መልካሙ ዓመት ለአናቢው ተጨማሪ ዋጋ አያስገኝም፤ ክፉውም ዓመት በመልካሙ ስም ይሸጣል። ሆኖም ዓመትን መጻፍ ብቻውን ጥራት አያመጣም፤ ዲኬም ለ2001 ጠርሙሱ የሚጠይቀውን ዋጋ ገዢው የሚቀበለው፣ ያው ቤት የ2012ን ምርት በስሙ አልሸጥም ማለቱን ስለሚያውቅ ነው። የወሎ አናቢ ማኅበራትም በዕቃቸው ላይ ዓመት ለመጻፍ ቢያስቡ፣ ቀድመው ሊስማሙበት የሚገባው የትኛውን ማር በስማቸው እንደማይሸጡ ነው።