የጂምኒ እግር

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወጣው ጠጠር መንገድ ላይ አብሮኝ የነበረው መካኒክ ጓደኛዬ በድንገት «አቁም» አለኝ። ወርዶ ተንበረከከና ከየጎማው ጀርባ እጁን እያስገባ ሾክ አብዞርበሮቹን ተራ በተራ ነካቸው። ሦስቱን እንደ ትኩስ ጀበና በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቶሎ ተዋቸው። የኋላ ግራውን ግን በመዳፉ ጨብጦ ቆየ። «ይቺ ሞታለች» አለኝ። «ንካት፣ በረዶ ናት።»

እኔ የሞቀው ነበር የተበላሸ የሚመስለኝ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሞላ የተቀበለውን ጉልበት አያጠፋም፤ ተጨምቆ ያጠራቅመውና መልሶ ይተፋዋል። መኪና በሞላ ብቻ ብትሄድ አንድ ጉድጓድ ከነካች በኋላ ስትነጥር ትቆያለች። ያንን መንጠር የሚገድለው ሾኩ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን በዘይት ውስጥ ሲመላለስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተጨናነቀ ያልፋል፤ የመንጠሩ ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ሾክ ከሞቀ እየሠራ ነው። ሌሎቹ በጋሉበት መንገድ አንዱ ብቻውን ከቀዘቀዘ ዘይቱ አልቋል ወይም ቫልቩ ተበልቷል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ያን ሰሞን መኪናዬን በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነበር። ጓደኛዬ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «አጥራብህ መሰለህ እንዴ? እግሯ ነው የደከመው።»

መኪናዬ፣ ሱዙኪ ጂምኒ፣ የተወለደችው ከሌላ ትንሽ ፋብሪካ ሐሳብ ነው። ሆፕ ሞተር የተባለ የጃፓን ድርጅት ኦኤን 360 የምትባል አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ ትንሽ መኪና ሠርቶ ጥቂት ብቻ ከሸጠ በኋላ፣ ሱዙኪ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1968 ገዛው። በ1970 ኤልጄ 10 በሚል መጠሪያ የመጀመሪያዋ ጂምኒ ወጣች፤ ሞተሯ 359 ሲሲ፣ እግሯ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራው በ1990ዎቹ አጋማሽ በሞላ ተተካ። ከሥር ያለው አጥንት ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ መሰላል የመሰለ ሻንሲ፣ ከሥሩ ሁለት ድፍን አክስሎች። በ2007 ሁለት ቺሊያውያን በአገራቸው ኦሆስ ዴል ሳላዶ ተራራ ላይ 6,688 ሜትር ከፍታ ድረስ የነዱት ተሻሽሎ የተሠራ ሱዙኪ ሳሙራይ ነበር፤ ሳሙራይ ደግሞ የዚህችው የጂምኒ ባለ ባሌስትራ ዘመን ናት።

ድፍን አክስል ለአስፋልት አይመችም። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይነቀነቃል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን ይህ ራሱ ጸጋ ይሆናል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ እንደ ሚዛን ክንድ ያጋድላል፤ ሌላኛውን ጎማ ወደ ታች ገፍቶ መሬቱ ላይ ያስቀምጠዋል። በጂምኒ እያንዳንዱን አክስል ሁለት ረጃጅም ክንዶች ይይዙታል፤ ፓንሃርድ የሚባል አንድ አግድም ዘንግ ደግሞ ወደ ጎን እንዳይሄድ ያስረዋል። እግር ማሻሻል ስል የማወራው ይህን ጨዋታ ማስፋት ማለቴ ነው፤ አራቱም ጎማዎች በተቻለ መጠን መሬት ሳይለቁ እንዲቆዩ። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ አይጎትትም፣ አያቆምም፣ ለመሪም አይታዘዝም።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ሾክ የምለው። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ላይ ሾኩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይመታል። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ከተደባለቀም አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ፒስተን አይገታም። መሪው የቀለለ፣ የኋላው ክፍል ጠመዝማዛ ላይ የሚንሸራተት የሚመስለው ያኔ ነው። ናይትሮጅን የታመቀባቸው ሾኮች የሚመረጡት ግፊቱ ዘይቱ አረፋ እንዳይሆን ስለሚረዳ ነው። ባለ አንድ ግድግዳው ዘይቱ በቀጥታ የውጪውን ብረት ስለሚነካ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ድንጋይ ተፈናጥሮ ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያው ይያዛል። ባለ ሁለት ግድግዳው ሙቀት ይይዛል፣ ምት ግን ይችላል። እንደኛ ድንጋይ በበዛበት አገር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ሞላው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠንካራ ሞላ ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ ነው። የሞላ ጥንካሬ የሚመረጠው በሚሸከመው ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቷ ጂምኒ ባዶዋን 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ስትሆን፣ ከነጭነቷ የተፈቀደላት 1,435 ነው። በመካከል የሚቀረው 300 ኪሎ ከጥቂት ነው፤ አራት ሰው ከተሳፈረባት አለቀ። ፖርቶመጋላ፣ የብረት መከላከያ፣ ሁለት ጀሪካን ነዳጅ፣ ድንኳን ሲጨመር የፋብሪካው ሞላ ሁልጊዜ ተንበርካኪ ይሆናል፤ ትንሽ ጉድጓድ እንኳ መግቻ ጎማው ድረስ ያስመታዋል። ያ መኪና ጠንካራ ሞላ ይገባዋል። በሳምንት አንዴ አንድ ሰው ይዞ እንጦጦ ለሚወጣው ግን ያው ሞላ ቅጣት ነው። ሞላው አልታጠፍ ስለሚል ጎማው በድንጋዩ ላይ ከመንከባለል ይልቅ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ሞላ ከማዘዝ በፊት መኪናዋን በጉዞ ጭነቷ ሚዛን ላይ ማቆም ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ግማሽ ቀኑ ግን ሞላ ሁለቴ ከመግዛት ያድናል።

አሁን ወደ ከፍታው። ረዥም ሞላ ገብቶ መኪናዋ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለች እንበል። ከፍ ያሉት ሻንሲውና ቦዲው ናቸው። አክስሉ የተቀመጠው ጎማው ላይ ስለሆነ ንቅንቅ አላለም። የመኪናዋ ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ አክስሉ መሐል ያለው ዲፈረንሻል ነው። ዲፈረንሻሉን ድንጋይ እየመታበት የተማረረ ሰው ረዥም ሞላ ቢገዛ አንድ ሚሊ ሜትር አያተርፍም። የሚያተርፈው ለአፍንጫ፣ ለሆድና ለጅራት ነው፤ ለትልልቅ ጎማም ቦታ ይከፍታል። ጂምኒ ደግሞ በዚህ በኩል ድሮም ድሃ አይደለችም። የ2018ቷ ከፋብሪካ ስትወጣ የፊት አንግሏ 37፣ የሆዷ 28፣ የኋላዋ 49 ዲግሪ ነው።

አክስሉን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የጨመረውን ዲያሜትር ግማሽ ያህል። ከፋብሪካው 195/80 አር15 ወደ 235/75 አር15 ሲኬድ ዲያሜትሩ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ በ2 ከፍ ይላል። በምላሹ የፍጥነት መቁጠሪያው ወደ 6 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ይከብደዋል፣ ፍሬኑም ከባድ ጎማ ያቆማል።

ከፍታው ከሌላውም ክፍል ዕዳ ያስከፍላል። ፓንሃርዱ በአንድ ጫፉ ሻንሲ ላይ፣ በሌላው አክስል ላይ የታሰረ ስለሆነ፣ ሻንሲው ሲነሣ አክስሉን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ጎማዎቹ በአንድ በኩል ወጣ ብለው ይታያሉ። ርዝመቱ የሚስተካከል ፓንሃርድ ይፈልጋል። የፍሬን ቱቦው ሊያጥር ይችላል፤ አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ መለካት አለበት። የፊት መብራት ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የፊት ክንዶቹ ወደ ታች ሲያጋድሉ አክስሉን በትንሹ ማሽከርከራቸው ነው። መሪውን ከዞረ በኋላ ወደ መሐል የሚመልሰው ዘመም ያለ አንግል ይቀንሳል፤ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መንከራተት ትጀምራለች። ቀዳዳቸው ከመሐል ፈቀቅ ያለ ልዩ ጎሚኒዎች ክንዶቹ ላይ በመግጠም አንግሉ ይመለሳል። እነዚህን የማይጨምር ከፍ ማድረጊያ በርካሽ ቢቀርብም አልመክርም።

እኔም ኋላ ላይ፣ አራቱንም ሾክ ከቀየርኩ በኋላ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌያታለሁ። ብዙም ሳይቆይ 80 ላይ ስነዳ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ነካሁና መሪው በእጄ ውስጥ ያለ ፋታ ግራ ቀኝ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስክቆም አልተወኝም። አንድ ጋራዥ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ማብረጃ ገጠመልኝ። ለሁለት ወር ጸጥ አለ። ከዚያ ብሶ ተመለሰ። ሕመሙ የነበረው የፊት ጎማዎቹ በሚዞሩበት አንጓ ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች መበላታቸው ነበር፤ ከፍታው ያንን የቆየ ሕመም አጎላው እንጂ አልፈጠረውም። ጂምኒ ላይ ይህ መንቀጥቀጥ የታወቀ ስለሆነ፣ ከፍ ለማድረግ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ እነዚያን ኩሽኔታዎች፣ የፓንሃርዱን ጎሚኒና የጎማ ባላንስ ያስመርምር።

ገንዘብ ለሌለው ቀን ደግሞ በነጻ የሚገኝ ሞላ አለ፤ ጎማ ውስጥ ያለው አየር። የ2018ቷ አስፋልት ላይ የሚመከርላት 26 ፒኤስአይ ነው። ረዥም ጠጠር ላይ ወደ 20 አውርዶ ቀስ ብሎ መንዳት ጎማው ራሱ ትንንሹን ድንጋይ እንዲውጥ ያደርጋል፣ ሾኩንም ያሳርፋል። አስፋልት ሲገኝ መልሶ መሙላት ግን ግድ ነው፤ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ይፈነዳልም።

አዲሶቹን ጎሚኒዎች የገጠምን ቀን መኪናዋ በክሪክ እንደተነሣች ብሎኖቹን ላጠብቅ ቁልፍ ሳነሣ ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። እግሯ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በዚያው ተጠማዝዞ ሲኖር ይቀደዳል። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዘን አወረድናት። በእጃችን ተጭነን ሦስት አራት ጊዜ አወዛወዝናት፤ ሞላዎቹ ቦታቸውን እስኪይዙ። ከዚያ በካርቶን ላይ ተንሸራቶ ከሥሯ ገባና፣ ክብደቷ ሁሉ በአራት እግሯ ላይ እንዳለ፣ አንድ በአንድ አጠበቃቸው።