በሰሜን ተራሮች የአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚደረግ የአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ ዕቅድ ሲወጣ፣ ከኪሎ ሜትሩ በፊት መታየት ያለበት ሌሊቱ የሚታደርበት ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በየትንፋሹ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ ቀናት ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ ከአንዱ ሌሊት ወደ ሌላው ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በሦስት በአራት ቀን አንዴም እዚያው እንዲታደር ይመከራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2,300 ሜትር ስለሚነሳ መጠነኛ ብልጫ አለው። ከባሕር ጠረፍ ከተማ ለእረፍት የመጣ ዘመድ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ጎንደር ላይ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ይበጀዋል።

የሰሜን መንገድ ለዝግታ የተመቸ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመጀመሪያው ማደሪያ ሳንቃበር 3,250፣ ቀጣዩ ግጭ 3,600፣ ሦስተኛው ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር አካባቢ ናቸው። የአዳሩ ከፍታ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ይልና እዚያው ይረጋል።

በመጀመሪያው ቀን ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦና ክፍያ ፈጽሞ፣ ስካውትና አስጎብኚ ይዞ፣ ከበቅሎ ነጂዎች ጋር ተነጋግሮ እስከ ቡይት ራስ በመኪና መሄድ ይቻላል። ከዚያ እስከ ሳንቃበር ያለው አጭር መንገድ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። በማግስቱ ጅንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ ሲወረወር ታይቶ፣ ወንዙ ተሻግሮ፣ ወደ ግጭ ሜዳ ይወጣል። ሦስተኛው ቀን እዚያው ግጭ መዋል አለበት። ሻንጣው ድንኳን ውስጥ ቀርቶ፣ ውሃና ቁርስ ብቻ ተይዞ 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እሜት ጎጎ ይኬዳል፤ ማታ ለመኝታ ተመልሶ ይወረዳል። ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር ለሰውነት የሚስማማ ልማድ ነው። አራተኛው ቀን ወደ ጨነቅ የሚወስደው ረጅሙ መንገድ ነው። አምስተኛው ቀን ጨነቅ አካባቢ ዋልያ ፍለጋ፣ ስድስተኛው 4,430 ሜትር ገደማ ወዳለው ቧሂት ደርሶ መልስ፣ ሰባተኛው አስቀድሞ በተቀጠረ መኪና ወደ ደባርቅ መመለሻ ይሆናል።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ ራስ ደጀን የለም፤ አለመኖሩም ተገቢ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ወደዚያ ጫፍ ለመድረስ ከጨነቅ የቧሂትን መተላለፊያ ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ እጅግ ወርዶ፣ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። በሳምንት ይቻላል፤ ነገር ግን የእረፍት ቀናቱን ሁሉ ይበላና ጉዞውን ሩጫ ያደርገዋል። ራስ ደጀንን የፈለገ ሰው ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ይመድብ።

የእረፍቱ ቀን የሚሰጠውን ለማወቅ ጭላዳን ማየት ይበቃል። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ጥርስ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው ወንዱም፣ ልጇን ያዘለችው ሴቷም በመቀመጫቸው ቁጭ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን ይነጫሉ፤ እፍኝ ሲሞላ ወደ አፍ ይሉታል፤ ሳይነሡ በመቀመጫቸው ፈቀቅ ይሉና ይቀጥላሉ። የቸኮለ መንገደኛ መንጋውን ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ግን ጠቡንም እርቁንም ያያል። ምግብ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ወቅቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ቢሆን ይመረጣል። ዝናቡ ያባራል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። በክረምት ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ወደ በጋው ማብቂያ ደግሞ ሣሩ ይደርቃል፣ አድማሱም ይደበዝዛል። በጥሩው ወቅትም ቢሆን ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ስለሚችል ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ግድ ነው። ጋቢ ለምሽት ያሞቃል፤ ለመንገድ ግን ላብ የያዘ ጥጥ ቶሎ ስለማይደርቅ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ደርቦ መልበስ ይሻላል። ቀን ፀሐዩ በብርድ ውስጥም ያቃጥላልና ባርኔጣ አይረሳም።

ስንቁ ላይ የሀገር ቤት ልማድ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጣል። በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና አተር ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ነዳጅ ይፈጃሉ። ሽሮ ግን ዱቄት በመሆኑ ቶሎ ይደርሳል። በሶ እሳት እንኳን አይፈልግም፤ ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም በቅቤና በርበሬ ማሸት ይበቃዋል። ድርቆሽ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም ቀላልና የማይበላሹ ናቸው። የወንዝ ውሃ ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይጠጣ።

ምግብ ማብሰያው ምድጃ ከነነዳጁ ተይዞ መሄድ አለበት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። እርሻና ልቅ ግጦሽ መሬቱን እያራቆቱት ነበርና የአስታን ዛፍ ለአንድ ድስት ሽሮ መቁረጥ በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው። ቆሻሻም በበቅሎው ተጭኖ ይመለስ።

በመንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ከታየ እዚያው ማደር እንጂ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ግን ነገን ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ታማሚውን ደግፎ ወደ ታች ማውረድ ግዴታ ነው። ለዚህ ሲባል አንድ በቅሎ ሰው መጫን የምትችል ትሁን፤ ሳንቃበርም ጨነቅም በመኪና መንገድ ላይ ስለሆኑ የሹፌር ስልክ ቁጥር ከስካውቱ ዘንድ ይቀመጥ። በአካባቢው ባለፉት ዓመታት ግጭት ስለነበረም ጉዞው ከመቆረጡ በፊት የመንገዱን ሰላም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ፣ ከደባርቅ ከመነሣት በፊትም የየሌሊቱን ማደሪያና የመመለሻውን ቀን ጽፎ ለአንድ የቤተሰብ ሰው መተው ያስፈልጋል።