አሮጌው የአማርኛ ጽሑፍ በአዲሱ ኮምፒውተር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ እዚህ ለንደን ዊልስደን ጎረቤቶቼ ስለ አሮጌ ኮምፒውተሮቻቸው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይችሉም፤ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስን ግን ይችላሉ። ታዲያ በዊንዶውስ የተጻፈው አማርኛስ ምን ይሁን?

አንዲት እናት ሟች ባለቤታቸው በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ሳሉ የጻፉትን የሕይወት ማስታወሻ አመጡልኝ። ሊኑክስ ላይ ስንከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሞላበት። «ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ። አልጠፋም።

ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመር ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን መላ ፈጠረ፤ ጽሑፉም ያለ ፎንቱ የማይነበብ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚረዳው ዋይን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀምሮ እትም 1.0 የወጣው በ2008 ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም «ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት አሳይልኝ» ሲል፣ ዋይን እንደ አስተርጓሚ ሆኖ ትእዛዙን በሊኑክስ በኩል ያስፈጽማል። ዊንዶውስን መጫን አያስፈልግም። ሁሉም ፕሮግራም ግን እሺ አይልም፤ መሞከር ነው።

ደግነቱ እኚህ እናት የመጻፊያውን ሲዲ አልጣሉትም። በዋይን ጫንነው፤ ማስታወሻው በአማርኛ ተነበበ። ወዲያው በፒዲኤፍ አስቀመጥነው። አሁን የልጅ ልጃቸው በዩኒኮድ እየጻፈችው ነው፤ የአያቷ ጽሑፍ ምህጻረ ቃል የበዛበት ስለሆነ አያቷን እየጠየቀች።

እናንተም አሮጌ ፋይል ካላችሁ የመጻፊያውን ሲዲና ፎንቱን አትጣሉ። ፋይሉን መጀመሪያ ቅጂ አድርጉ፤ ከዚያ በዋይን ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ በመጨረሻም ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት። ይህን ደግሞ ጽሑፉን የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ አድርጉት።