ማመሳሰል ሌላ፣ ባክአፕ ሌላ

«ፋይሌ ሁሉ ጎግል ድራይቭ ላይ ነው፣ ምን አስጨነቀኝ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔ ግን አልስማማም። ከድራይቩ ጋር የተመሳሰለ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ከላፕቶፓችሁ ሲጠፋ ከክላውዱም ይጠፋል፤ ትራሽ ውስጥ የሚቆየውም 30 ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር ስመርጥ መጀመሪያ የማየው የቆዩ ቅጂዎችን ያስቀምጣል ወይ የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ንጹሕ ቅጂ ያለው ሰው መልሶ መጫን ይችል ነበር። ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ግን አብሮ ሊቆለፍ ስለሚችል ቅጂው ሲያልቅ ንቀሉት።

ዳታ በሚወደድበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ የተለወጠውን ብቻ የሚቀዳ ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሂስትሪ፣ ማክ ላይ ታይም ማሽን እንዲህ ናቸው፤ ዲስኩ እስከተሰካ በየሰዓቱ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ክፍያም የላቸውም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መግዛት ግን አይቀርላችሁም። (ያቺ ፊልም የምትቀባበሉባት ፍላሽ አትቆጠርም!)

ፋይል ሂስትሪ አንድ አመል አለው፦ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን የመሳሰሉትን እንጂ ዲ ድራይቭን ዞር ብሎ አያይም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ እዚያ ከሆነ ፎልደሩን ላይብረሪ ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ አንዱን ፋይል ከዲስኩ መልሳችሁ ክፈቱት፤ እኔ ወር በገባ ቁጥር አደርገዋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።